ዝናቡ ሲቀንስ ጨዉ ወዴት ይሄዳል? የምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ምድር ጨዋማነት ሲዳሰስ

ከፐርዝ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው የምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ምድር በመስኖ የሚለማ አይደለም። ገበሬው የሚጠብቀው ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚጥለውን የክረምት ዝናብ ነው፤ መጠኑም በአብዛኛው ቦታ በዓመት ከ300 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ነው። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነውን መሬት ጨው በልቶታል። የክፍለ ግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት በየዓመቱ የሚታጣው ምርት ቢያንስ 519 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚያወጣ ገምቷል።

ጨዉን ከጥልቅ ያወጣው ዕፅዋት ሳይጠጡት ወደ ታች የሰረገ የዝናብ ውሃ መሆኑ ዛሬ ብዙ አያከራክርም። አካባቢው ግን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እየደረቀ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፦ ችግሩን የፈጠረው ትርፍ ውሃ ከሆነ፣ ዝናቡ ሲቀንስ ችግሩም አብሮ መቀነስ አልነበረበትም? መልሱ ግን ተመራማሪውን፣ ገበሬውንና በጀት መዳቢውን ማከራከሩን አላቆመም።

ከሁሉ በፊት አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የእርሻ መሬት ጨዋማነት ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የመካከለኛው አዋሽ፣ በተለይም የአሚባራ መስኖ ነው። እዚያ ውሃውን ወደ ማሳው ያመጣው ሰው ነው፤ በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖረው የፈሰሰው መስኖ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገ፣ ጨዉም ተከትሎት ወጣ። በምዕራብ አውስትራሊያ ሰው ያመጣው ውሃ የለም፤ ያጠፋው ዛፍ ነው። መስኖ በቦዩ በር ሊቀነስና ሊዘጋ ይችላል፤ ዝናብ ግን መዝጊያ የለውም። ስለዚህ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው እንዳለ አይሠራም።

የጨዉ አመጣጥ

ጨዉ የመጣው ከባሕር ነው። ነፋስና ዝናብ ከውቅያኖሱ እያነሡ በየዓመቱ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ከ20 እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጨው ይጥላሉ፤ ለባሕሩ ቅርብ በሆነው ቦታ ይበዛል፣ ወደ መሐል አገር ሲገቡ እያነሰ ይሄዳል። መጠኑ በአንድ ዓመት ሲታይ ትንሽ ነው። ይሁንና የአካባቢው ምድር እጅግ ያረጀና ዝርግ ነው፤ ወንዞቹም ጨዉን ጠርገው የሚወስዱ አይደሉም። ሥረ ጥልቅ የሆኑት የአገሩ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ውሃውን እየጠጡ ጨዉን ከሥራቸው በታች ሲተዉት፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ በአንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠር፣ በአንዳንድ ቦታ ከሺህ የሚያልፍ ቶን ጨው በስብሶ በተፈረካከሰው ዐለትና ሸክላ ውስጥ ተከማቸ።

ክምችቱ እስካልተነካ ድረስ ማንንም አልጎዳም። በተፈጥሮው ዕፅዋት ሥር አልፎ ወደ ከርሰ ምድር የሚወርደው ውሃ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነበር። ዛፉ ተመንጥሮ ስንዴና የዓመት ግጦሽ ሲተካው ነገሩ ተለወጠ። የስንዴ ሥር አጭር ነው፣ ዕድሜውም ስድስት ወር አይሞላም፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚያመልጠው ውሃ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ አሥርታት ሚሊ ሜትር ሆነ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨዉን እያሟሟ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መጣ። ከመሬቱ ገጽ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው አፈሩ ራሱ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨዉ ሥሩ ላይ ይቀራል። በብዙ ሸለቆዎች ይህ ውሃ የባሕር ውሃን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጨዋማ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጉዳቱ የሚጀምረው ከሸለቆው ወለል፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከለሙ መሬት ነው። ሁለተኛ፣ በምንጠራውና በጉዳቱ መካከል አሥርታት ያልፋሉ። ዛፉን የቆረጠው ትውልድና ጨዉን ያየው ትውልድ አንድ ላይሆን ይችላል። የፖሊሲው ክርክር የተወሳሰበውም ከሁሉ በላይ በዚህ መዘግየት ምክንያት ነው።

ዕውቀቱ ቀድሞ መጣ፣ ምንጠራው ቀጠለ

ችግሩን ቀድመው ካስተዋሉት መካከል የባቡር መሐንዲሶች ነበሩ። የእንፋሎት ባቡር ለማሞቂያ ጋኑ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፤ ዙሪያቸው የተመነጠሩ ምንጮችና ኩሬዎች ግን ከዓመት ዓመት ጨዋማ እየሆኑ ጋኑን ያበላሹ ነበር። የባቡር መሐንዲሱ ደብልዩ ኢ ዉድ የተፈጥሮው ዕፅዋት መጥፋት በአፈርና በወንዝ ውስጥ ያለውን ጨው እንደሚያበዛው የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1924 በምዕራብ አውስትራሊያ የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያም በፊት ወርቅ ወደሚወጣበት ወደ ካልጉርሊ ውሃ በሚልከው የመንደሪንግ ግድብ ተፋሰስ፣ ወደ ግድቡ የሚገባውን ውሃ ለማብዛት ሲባል የዛፎች ቅርፊት ዙሪያውን ተልጦ እንዲደርቁ ተደርጎ ነበር። ውሃው ጨዋማ እየሆነ መሄዱ ስለታየ ኋላ ዛፍ መልሶ ወደ መትከል ተገባ።

ዕውቀቱ እያለ ምንጠራው ለምን ቀጠለ? አንዱ ምክንያት የመንግሥት ግፊት ነው። መሬት የተሰጠው ሰፋሪ መሬቱን የመመንጠር ግዴታ ነበረበት፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ መፈክር «በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ኤከር» የሚል ነበር። ሌላው ምክንያት ስንዴና ሱፍ ያስገኙት የነበረው ገቢ ነው። በማዕከላዊው የስንዴ ምድር ዛሬ ከተፈጥሮው ዕፅዋት የቀረው ከአሥር አንድ እጅ ያነሰ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ የአስተሳሰብ ግጭት የመጣው ከገበሬው ወገን ነበር። በብሩክተን አካባቢ ያርሱ የነበሩት ሃሪ ዊቲንግተን ችግሩን የሚፈጥረው ከጥልቅ የሚነሣ ውሃ ሳይሆን በሸክላው ንጣፍ ላይ ተንሸራቶ ከዳገት ወደ ሸለቆ የሚወርድ ውሃ ነው ብለው አመኑ። መፍትሔያቸውም ዳገቱን ተከትሎ ውሃውን የሚጠልፍ፣ ከሸክላው ጋር የተያያዘ እርከን መሥራት ነበር። በ1978 የተቋቋመው ዊሳልትስ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር ይህን ዘዴ በሰፊው አሰራጨ። የመንግሥት ተመራማሪዎች ግን እርከኑ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍና የሚተኛውን ውሃ ቢቀንስም ጥልቁን የከርሰ ምድር ውሃ እንደማያወርደው ደመደሙ።

በዚህ ክርክር ማን ረታ ብሎ መጠየቅ ነገሩን ያጠበዋል። ፔክና ኸርል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ባወጡት ጥናት፣ በተመነጠሩ ተፋሰሶች ውስጥ በወንዙ የሚወጣው ክሎራይድ በዝናብ ከሚገባው ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ፣ በደን በተሸፈኑት ግን ገቢና ወጪው ተቀራራቢ እንደሆነ አሳዩ። የጥልቁ ውሃ ማብራሪያ በዚህ ማስረጃ ጸና። ሆኖም ጨዋማ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛበት የሰብሉ ጉዳት እጅግ እንደሚከፋ ኋላ የመጡ ጥናቶች አረጋግጠዋል፤ በዚህ ረገድ ዊቲንግተን ያዩት ነገር እውነት ነበረበት። መንግሥትም በ1976 ለኮሊ ወንዝ ተፋሰስ፣ በ1978 ደግሞ ለሌሎች የመጠጥ ውሃ ተፋሰሶች የምንጠራ ገደብ አወጣ። ገደቡ በቅድሚያ ያዳነው የከተማን ውሃ ነበር፤ የስንዴው ምድር በአብዛኛው ቀድሞ ተመንጥሯል።

ስጋት፣ ምልክትና ጉዳት

በ2000 ገደማ የተጠናቀቀው ብሔራዊ የመሬትና የውሃ ሀብት ጥናት በመላው አውስትራሊያ 5.7 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ለጨዋማነት ከፍተኛ ስጋት የተጋለጠ መሆኑንና አኃዙ በ2050 ወደ 17 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ገለጸ። የምዕራብ አውስትራሊያ ድርሻ 4.3 ሚሊዮን ሲሆን ወደ 8.8 ሚሊዮን ያድጋል ተባለ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2002 ገበሬዎቹን ራሳቸውን ሲጠይቅ ግን ምልክቱ የታየበት መሬት በአገሪቱ ሁለት ሚሊዮን ሄክታር ያህል፣ ከዚህም ውስጥ ጨርሶ ሊታረስም ሊጋጥም ያልቻለው 800,000 ገደማ ሆነ። የሳተላይት ምስልን ከመሬት ቅርጽ ጋር ያዛመደው ሥራ ደግሞ በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ክፉኛ የተጎዳውን መሬት አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አደረገው።

እነዚህ አኃዞች እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ የሚለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የሚናገረው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ገጹ የቀረበበትን ወይም እየቀረበ ያለበትን ቦታ ነው። ሁለተኛው ሰው በዓይኑ ያየውን ምልክት፣ ሦስተኛው ከዓመት ዓመት ሽፋን የማያበቅለውን መሬት ይቆጥራል። የ2050ው ትንበያ የተመሠረተው እስከ 1990ዎቹ በታየው የውሃ አነሣስ ላይ ስለነበረ ዝናቡ እንዲህ ይቀንሳል ብሎ አልተነሣም። ትልቁ አኃዝ ግን ትልቅ ገንዘብ አስገኘ፦ የፌዴራሉና የክፍለ ግዛት መንግሥታት በ2000 መጨረሻ 1.4 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተመደበለት የሰባት ዓመት ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር በ21 አካባቢዎች ጀመሩ። ትንበያው እንደተባለው ፈጥኖ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ «ድሮም የተጋነነ ነበር» የሚል ስሜት ነገሠ፣ የፖለቲካው ትኩረትም ወደ ሌላ ሄደ። ስጋት ጉዳት ተደርጎ ተነበበ፤ የዘገየ ጉዳት ደግሞ እንደ ቀረ ተቆጠረ።

አንደኛው አቋም፦ ውሃውን ከምንጩ መያዝ

ይህ አቋም ከችግሩ መንሥኤ በቀጥታ ይነሣል። ዛፍ መጥፋቱ ችግሩን ከፈጠረ፣ ዛፍና ሥሩ ጥልቅ የሆነ ዘላቂ ተክል መመለስ ይፈታዋል። ለዚህ ወገን ጠንካራው ማስረጃ በደቡቡ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው የዴንማርክ ወንዝ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአንድ ሊትር እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ጨው የደረሰው ይህ ወንዝ፣ የተመነጠረው ተፋሰሱ በሰፊው ዛፍ ሲለብስ ወደ ጣፋጭነት ተመልሷል። የተተከለው በአብዛኛው እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ ነው። በኢትዮጵያ ውሃ ይመጥጣል ተብሎ የሚወቀስበት ባሕርይው እዚያ የተፈለገበት ምክንያት ሆነ።

ዴንማርክ ግን ዝናብ የሚበዛበት፣ እንጨቱም ገበያ ያለው አካባቢ ነው። ወደ ደረቁ የስንዴ ምድር ሲገባ ማስረጃው ይሳሳል። በ1999 የታተመ በ80 የተከላ ቦታዎች ላይ የተደረገ የዳሰሳ ጥናት፣ የተተከለው ዛፍ የከርሰ ምድሩን ውሃ የሚያወርደው በአብዛኛው ከሥሩ አጠገብ ብቻ እንደሆነ አሳየ፤ ራቅ ብሎ ለውጥ የታየው ከተፋሰሱ ሰፊው እጅ በዛፍ በተሸፈነበት ቦታ ነው። ሃተንና ነልሰን የተባሉ ተመራማሪዎችም በዚያው ዓመት የድሮውን የውሃ ሚዛን ለመመለስ የመሬቱን አብዛኛውን ክፍል በዘላቂ ተክል መሸፈን እንደሚያስፈልግ ተከራከሩ። ለስንዴ አምራቹ ገበሬ ይህን ማድረግ ማለት ስንዴውን መተው ነው። በስንዴው መካከል በረድፍ የሚተከለው፣ ዘይትና የማገዶ እንጨት ይሰጣል የተባለለት ድንክ የባሕር ዛፍ ዝርያም ተሞክሮ ነበር፤ ጥላውና ሥሩ ከሚነጥቀው ሰብል የበለጠ የሚከፍል ገበያ ሳያገኝ ቀረ። ለግጦሽ የሚዘራው አልፋልፋ ውሃውን በሚገባ ቢጠጣም አሲዳማና ውሃ የሚተኛበትን አፈር አይወድም።

ሁለተኛው አቋም፦ ውሃውን ማውጣት

መሐንዲሶችና ብዙ ገበሬዎች የመረጡት ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ የማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ቦዩ አፈሩ ውሃ በሚያሳልፍበት ቦታ ግራና ቀኙን ማሳ ሊያድን ይችላል፤ በከባድ ሸክላ ውስጥ ግን ጥቅሙ ከቦዩ ዳር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ «ቦይ ይሠራል» የሚለው ገበሬና «አይሠራም» የሚለው ጎረቤቱ ሁለቱም ከየማሳቸው ተነሥተው እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ትልቁ ችግር የወጣው ውሃ ማረፊያ ነው። በማዕከላዊውና በምሥራቃዊው የስንዴ ምድር የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨዋማ ብቻ ሳይሆን አሲዳማም ነው፤ ፒኤቹ በብዙ ቦታ ከ4 በታች ሲሆን ብረትና አሉሚኒየም ተሸክሞ ይወጣል። አንዱ ማሳውን ሲያድን ሐይቁና የታችኛው ጎረቤት ይጎዳሉ። ለዚህ ነው በሕጉ መሠረት ቦይ መቆፈር የፈለገ ገበሬ ከ90 ቀን በፊት ለአፈርና መሬት ጥበቃ ኮሚሽነሩ ማሳወቅ ያለበት። ውሃ በፓምፕ ማውጣት ደግሞ ውድ ስለሆነ የሚያዋጣው የሚጠበቀው ነገር ዋጋ ከፍ ሲል ነው፦ እንደ ሜረዲን ያሉ ከተሞች ሕንፃና መንገድ፣ ወይም በዓለም አቀፉ የራምሳር የረግረጋማ ቦታዎች ስምምነት በ1990 እንደተመዘገበው የቱሊቢን ሐይቅ ያለ የተፈጥሮ ቅርስ። ተመራማሪዎች በአካባቢው 450 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች በጨዋማነት ምክንያት ለመጥፋት አደጋ እንደተጋለጡ ሲገምቱ፣ በፓምፕ ሊድኑ የሚችሉት ቦታዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሦስተኛው አቋም፦ ከጨዉ ጋር መኖር

ይህን አቋም አንዳንዶች ሽንፈት ይሉታል፤ የምርምር ታሪኩ ግን ረጅም ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ክላይቭ ማልኮምና ባልደረቦቻቸው በተጎዳው መሬት ላይ የሚበቅል መኖ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ዋናው ተክል ሳልትቡሽ የሚባለው ጨው ቻይ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ፕሮቲንና ቫይታሚን ኢ አለው፤ ሆኖም ጨዉ ብዙ፣ ጉልበት ሰጪነቱ አነስተኛ በመሆኑ በግ እሱን ብቻ በልቶ አይወፍርም። ጥቅሙ የሚጎላው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ግጦሽ በሚያልቅበት ወቅት ገለባ ወይም እህል ሲጨመርበት ነው። የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ሲሳይሮ በጎች በተሻለ የሚበሉትና የሚፈጩት አናሜካ የተባለ ዝርያ መርጦ ለገበያ አብቅቷል።

ለሰብል ሲሆን ገብስ ከስንዴ ይልቅ ጨው ይችላል። ራና መንስና ባልደረቦቻቸው በ2012 እንዳስታወቁት ደግሞ፣ ሶዲየም ወደ ቅጠሉ እንዳይደርስ የሚያግድ ጂን ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተዳቀለበት የፓስታ ስንዴ በጨዋማ ማሳ ላይ እስከ 25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ። የዚህ ተስፋ ወሰን የት ላይ እንደሆነ የሚያሳየው ግን የተመራማሪው የኤድ ባሬት ሌናርድ ሥራ ነው፦ ውሃ በተኛበት መሬት ሥሩ አየር ሲያጣ ጨዉን የማገድ ኃይሉም ይከዳዋል። ስለዚህ ጨው ቻይ ሰብል ያለ ማጠንፈፊያ የሚዘልቀው እስከ አንድ ደረጃ ብቻ ነው።

ይህን አቋም በኢኮኖሚ ሚዛን ያጠናከሩት በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዴቪድ ፓኔል ናቸው። ገበሬው ዛፍ ያልተከለው ባለማወቁ ወይም በግዴለሽነቱ ሳይሆን ስለማያዋጣው ነው ይላሉ፤ ስለዚህ በትምህርትና በአነስተኛ ድጎማ ሰፊ ለውጥ መጠበቅ ገንዘብ መበተን ነው። በ2008 ያወጡት ማዕቀፍ የሕዝብ ጥቅምን ከግል ጥቅም ጋር ያመዛዝናል። ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ፣ በገበሬው ላይ የሚያደርሰው ኪሳራ ትንሽ ከሆነ ድጎማ ይገባዋል። ለገበሬው ራሱ የሚያዋጣ ከሆነ ምክር ይበቃዋል። ለሁለቱም የማያዋጣ ከሆነ የሚሻለው አዲስ ቴክኖሎጂ እስኪገኝ አለመነካካት ነው። ተቺዎች ግን ቀስ ብሎ የሚመጣና ኋላ የማይመለስ ጉዳት በዛሬ ዋጋ ሲሰላ ሁልጊዜ ከክብደቱ በታች ይገመታል ብለው ይሞግታሉ።

ድርቀቱ የለወጠው ነገር

በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ከ1970 ወዲህ ከግንቦት እስከ ሐምሌ የሚዘንበው ዝናብ 20 በመቶ ያህል ቀንሷል። የውሃው አጸፋ ከዝናቡ ቅናሽ በላይ ነው፦ ወደ ፐርዝ ግድቦች የሚገባው ውሃ ከ1911 እስከ 1974 በአማካይ በዓመት 338 ቢሊዮን ሊትር ነበር፤ ከ2001 ወዲህ ያለው አማካይ ከዚያ ከሲሶው በታች ነው። ስለዚህ «ጨዋማነቱስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንዱ ወገን ዕዳው ገብስ ነው ይላል። ዝናቡ ቀንሷል፤ የዛሬው ሰብል ቀድሞ ይዘራል፣ ውሃንም ከድሮው በተሻለ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ወደ ታች የሚያመልጠው ውሃ ጥቂት ነው። መንግሥት የሚከታተላቸው የመለኪያ ጉድጓዶች ለዚህ ከፊል ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ከ2000 ወዲህ ውሃቸው ከፍ የሚል ጉድጓዶች ቁጥር ቀንሷል፣ የአንዳንዶቹም ወርዷል።

ሌላው ወገን የሚያነሣው መነሻውን ነው። በተፈጥሮው ዕፅዋት ሥር የሚሰርገው ውሃ ዜሮ ገደማ ነበር፤ ዝናቡ ከአምስት አንድ እጅ ስለቀነሰ ብቻ በስንዴ ሥር ያለው ሰርገት ወደዚያ አይመለስም። ከርሰ ምድሩ ገና ያልሞላባቸው፣ እንደ ኤስፐራንስ አካባቢ ዘግይተው የተመነጠሩ ቦታዎች፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም ወደ መሙላት መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ አመለካከት ድርቀቱ የቀየረው የሚደረስበትን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ ክርክር የሚመጣው ከዝናቡ ጠባይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲቀንስ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከባድ የበጋ ዝናብ ግን አልቀረም። የጥር 2000 እና የየካቲት 2017 ጎርፎች የመጡት ማሳው ባዶ በሆነበት፣ ውሃውን የሚጠጣ ተክል በሌለበት ወቅት ነው። የብዙ ዓመት ዝቅታን አንድ እንዲህ ያለ ዝናብ ሊያካክሰው ስለሚችል፣ የጥቂት ዓመታት ልኬት ይዞ «ውሃው ወረደ» ማለት ያሳስታል።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘ ቢሆንም ለገበሬው ከሁሉ የቀረበ ነው። ጨውን ከላይኛው አፈር አጥቦ ወደ ታች የሚያወርደው የወቅቱ መግቢያ ዝናብ ነው። ይህ ዝናብ ሲዘገይና ሲሳሳ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቢወርድ እንኳ ቀድሞ የወጣው ጨው ዘሩ በሚበቅልበት ንጣፍ ላይ ይቆያል። በዚያ ላይ የአዴሌይዱ የአፈር ሳይንቲስት ሬንጋሳሚ በ2006 ያሳሰቡት ሌላ ዓይነት ጨዋማነት አለ። ሶዲየም በበዛበት ሸክላ ውስጥ ውሃ ስለማያልፍ ከዝናብ የመጣው ጨው፣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሳይገናኝ፣ ሥሩ ባለበት ጥልቀት ይከማቻል። በእሳቸው ግምት ከአውስትራሊያ የእርሻ መሬት በከርሰ ምድር ውሃ ምክንያት ሊጎዳ የሚችለው 16 በመቶ ሲሆን ለዚህኛው ዓይነት የተጋለጠው 67 በመቶ ነው። ይህ ዓይነቱ ጨው ደግሞ በደረቅ ዓመት ይብሳል፤ አፈሩ ሲደርቅ በቀረው ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ስለሚጠነክር ሥሩ ያለውንም ውሃ መሳብ ያቅተዋል። መድኃኒቱ ዛፍ ወይም ጥልቅ ቦይ ሳይሆን ጂፕሰም፣ የመሬቱን ገጽ መሸፈንና ትንሿን ዝናብ ወደ ዘሩ መስመር ማሰባሰብ ነው።

በወንዝና በኩሬም ተመሳሳይ ልዩነት አለ። ወንዙ በዓመት ተሸክሞት የሚሄደው ጠቅላላ ጨው ከዝናቡ ጋር ሊቀንስ ይችላል፤ የሚያቀጥነው ውሃ ስለሚያንስ ግን በእያንዳንዱ ሊትር ያለው ጨው ሊጨምር ይችላል። የገበሬዎች ኩሬዎች ሲደርቁም ያ ሲሸሹት የኖረው የከርሰ ምድር ውሃ ተፈላጊ ይሆናል። የግብርና መሥሪያ ቤቱ መለስተኛ ጨው ያለበትን ውሃ በእርሻው ላይ አጣርቶ ለከብትና ለመርጫ ማዋልን ሞክሯል። ከማጣሪያው የሚወጣው ድርብ ጨዋማ ውሃ የት እንደሚደፋ ግን የቦዩን ጥያቄ እንደገና ያመጣዋል።

ያልተቋጩ ጥያቄዎች

አንደኛው የመንሥኤ ጥያቄ ነው። ዴንማርክ ወንዝ ሲጣፍጥ ዛፉም ተተክሏል፣ ዝናቡም ቀንሷል፤ የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ከባድ ነው። የካርቦን ገበያ ገንዘብ ይዞ ወደ አካባቢው ሲመጣ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ለካርቦን የሚተከለው ዛፍ ለመሬቱ ባለቤት በሚመች ቦታ ይተከላል እንጂ ውሃው በሚሰርግበት ቦታ ላይተከል ይችላል፤ በደረቀ አገር ደግሞ የቀረውን ትንሽ የወንዝ ውሃም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የልኬት ጥያቄ ነው። የክፍለ ግዛቱ ዋና ኦዲተር በግንቦት 2018 ስለ ጨዋማነት አያያዝ ባወጡት ሪፖርት የመንግሥት ተቋማት ስለ ስፋቱና ስለ ጉዳቱ በቂ መረጃና የተቀናጀ አቅጣጫ እንደሌላቸው አመልክተዋል። ይህ ጉድለት ክርክሩን ራሱን ያዛባዋል። የሚብሰውም የሚሻለውም ቦታ በአንድ አማካይ ውስጥ ከተጨፈለቀ፣ እያንዳንዱ ወገን የፈለገውን ያነብበታል።

ሦስተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ምንጠራውን ያዘዘው መንግሥት ነበር፣ ገቢውን ያገኘው የዚያ ዘመን ገበሬና አገሪቱ ናቸው፣ ወጪው የወደቀው በዛሬው ባለመሬት ላይ ነው። የፓኔል ሚዛን ገንዘብ የት ቢፈስ እንደሚበጅ ይናገራል፤ ማን ይክፈል የሚለውን ግን ለፖለቲካ ይተወዋል።

ከዳሰሳው የሚገኘው

ማስረጃዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ድርቀቱ ይፈታዋል» የሚለውም «ምንም አልተለወጠም» የሚለውም አይቆምም። ድርቀት ሁለት ነገር አብሮ ይነሣል፦ ወደ ታች የሚሰርገውን ውሃና ጨዉን የሚያጥበውን ውሃ። የመጀመሪያው መቀነሱ ይጠቅማል፣ የሁለተኛው ይጎዳል፤ የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው የየማሳው ሁኔታ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጥልቅ በሆነበትና ገና በሚነሣበት ቦታ ድርቀቱ ጊዜ ሰጥቷል፤ ዘላቂ ተክል ትርጉም የሚኖረው እዚያ ነው። ውሃው ወደ ገጹ ደርሶ በረጋበት ሸለቆ ሳልትቡሽና ገብስ፣ አፈሩ የሚፈቅድ ከሆነም ማጠንፈፊያ ያዋጣሉ። ውሃው በወረደበትና ጨዉ ላይ በቀረበት፣ እንዲሁም ሶዲየም በበዛበት ሸክላ ላይ የሚቀድመው የአፈሩን ገጽ ማከም ነው።

እነዚህን ሦስቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ልኬት ውስብስብ አይደለም፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ጥልቀት፣ የውሃው ጨዋማነትና በላይኛው አፈር ያለው ጨው ከዓመት ዓመት መመዝገብ አለባቸው። ለዛፍ፣ ለቦይ ወይም ለአዲስ ዘር ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የዚህ ክትትል ወጪ ትንሽ ነው፤ ጨዉ ከዜና ሲወጣ ቀድሞ የሚቋረጠው በጀት ግን ይኸው ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ ቀጣይ መርሐ ግብር ከሌላ ትልቅ የሄክታር ትንበያ ይልቅ ከነዚህ ጉድጓዶች መዝገብ ቢነሣ፣ የትኛው ማሳ ሊመለስ፣ የትኛው ሊገታ፣ የትኛው ደግሞ እንዳለ ሊያዝ እንደሚገባ በግምት ከመወሰን ይድናል።